እጅና ባለእጅ

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የመንደሩ ገበሬ የዶለዶመ ማረሻውን ይዞ ሲመጣ «ጋሼ» ይላቸዋል። ማረሻው ተስሎለት ዞር ሲል ግን «ባለእጅ» ይላቸዋል። ልጅ ነበርኩና ግራ ገባኝ፤ እጅ የሌለው ሰው ማን አለ? እናቴን ስጠይቃት «ዝም በል!» አለችኝ።

ካደግኩ በኋላ ቃሉን ተከትዬ ሄድኩ። ግእዙ «እድ» ይላል፣ ትግርኛው «ኢድ»፣ ዕብራይስጡ «ያድ»፣ ዐረብኛው «የድ»። አማርኛ ደግሞ «ድ» ከ«ኢ» ድምፅ ጋር ስትገናኝ ወደ «ጅ» የመለወጥ ልማድ አለው፤ ወላዲ «ወላጅ»፣ ፈራዲ «ፈራጅ» የሆኑት እንዲያ ነው። «እድ»ም «እጅ» ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ያልገባበት የለም። ለንጉሥ ሲሰግዱ እጅ መንሣት፣ ስጦታ ሲያቀርቡ እጅ መንሻ፣ ያለ ዱቤ ሲገበያዩ እጅ በእጅ፣ ልብሱ እንኳ እጀ ጠባብ። ሲማረኩ ደግሞ እጅ መስጠት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለእንግሊዞች እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። እዚህ ላይ እጅ ማለት ሰውዬው ከነክብሩ ነው።

ያው እጅ መዶሻ ሲጨብጥ ግን ስድብ ይሆናል። ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው» ተብሎ ይፈራል። በሠራው ማረሻ ታርሶ ይበላል፤ ልጁን ለማግባት ግን «አጥንቱ» ይጠየቃል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አያቴ የተወለዱት ከአዋጁ በኋላ ነው። ስድቡ ግን ጠብቋቸዋል።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። ዛሬ የሳቸው ዓይነት ማጭድና ቢላዋ ኤግዚቢሽን ላይ ሲደረደር «እደ ጥበብ» የሚል ይጻፍበታል። «እደ» ማለት እኮ ያው እጅ ነው! ሥራውን ስናከብር የግእዙን እጅ እናመጣለን፤ ሠሪውን ስንንቅ የአማርኛውን። አንድ እጅ ለሁለት ተከፍሎ፣ ክብሩ ለብረቱ፣ ስድቡ ለሰውዬው ደረሰ።

አሁን ሰው ዘሬን ሲጠይቀኝ «የባለእጅ የልጅ ልጅ ነኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ወሬ ይቀይራል።

እናቴ አጠገቤ ካለች ግን ዛሬም እጄን ቆንጠጥ አድርጋ «ዝም በል» ትለኛለች።