ማሲንቆ፣ ቫዮሊንና የመማር ፈቃድ

ቫዮሊን የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው ከጩኸት ጋር ነው። ደጋኑን ሲጫነው ሲጢጥ ይላል፤ ሲያቀለው ድምፁ ይጠፋል። እንደ ጊታር ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት በአንገቱ ላይ የለም። ጆሮ ካልቀደመ ጣት ቦታውን አያገኝም።

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ያደገ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ቢያንስ ሰርግ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ አይቶታል። ማሲንቆም በደጋን የሚጫወቱት፣ ምልክት የሌለው መሣሪያ ነው። እንዲያውም ይብሳል። ቫዮሊን አራት ክር አለው፣ ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ብቻ። የቫዮሊን ተማሪ ክሩን ከእንጨቱ ጋር ይጫነዋል፤ የማሲንቆ ተማሪ ግን ጭራውን አየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይነካዋል፣ ከሥሩ የሚደግፈው ነገር የለም። ስለዚህ «ቫዮሊን የፈረንጅ ነው፣ ለእኛ ይከብዳል» የሚለው ወሬ ውሃ አይቋጥርም። የደጋን ሙዚቃ እዚህ አገር ከቫዮሊን በፊት ነበረ። ጥያቄው ሌላ ነው፦ እንዲማር የተፈቀደለት ማን ነው?

ለረጅም ዘመን መልሱ የአዝማሪ ልጅ የሚል ነበር። ትምህርት ቤቱ የአባቱ ጎን ነው። ልጁ ከሰርግ ሰርግ አብሮ ይዞራል፤ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ያጅባል፣ ቆይቶም ማሲንቆውን ይረከባል። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ የሚለየው በስም ሳይሆን በጆሮው ነው። ጭራውን የሚቃኘውም ለገዛ ድምፁ እንዲስማማ አድርጎ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ እጁ ሳያቋርጥ፣ ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ግጥም መፍጠር አለበት።

ጎጃም ይህን የመሰለ ሌላ ተማሪ ያውቃል፦ ወደ ዋሸራ ቅኔ ሊቆጥር የወጣውን የቆሎ ተማሪ። ሁለቱም ከቤታቸው ይርቃሉ፣ ሁለቱም በቃል ይማራሉ፣ ሁለቱም ሰምና ወርቅ ያበጃሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ሲመለስ «መሪጌታ» ይባላል፤ ሌላውን ሰርገኛው ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፈ አድንቆት ሲያበቃ ልጁን ግን አይድርለትም። የገበሬው ልጅ ማሲንቆ ቢያነሳ ቤተሰቡ የሚጠይቀው «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ነበር። ጥያቄው መልስ አይፈልግም፣ ክልከላ ነው።

የአዝማሪን ጉልበት ከወገኑ ይልቅ ጠላት ሳያውቀው አልቀረም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግራዚያኒ ለሮም ቴሌግራም ልኮ ነበር። አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን የኢጣሊያ አገዛዝ ሊያበቃ ነው የሚል ወሬ ያሰራጫሉና እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙን ገለጸ። ቫዮሊን ዛሬ የያዘውን ቅርጽ ያገኘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ክፋት የለውም።

ቫዮሊን ወደ ኢትዮጵያዊ ልጅ እጅ የገባው በሌላ በር፣ በመኳንንቱ ቤት በኩል ነው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተባሉት፣ በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። የመጀመሪያ ትምህርታቸውም ቫዮሊን ነበር። በ1929 ኢጣሊያ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት አጋዛቸው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንትሮዊች ዘንድ በየቀኑ 4 ሰዓት ቫዮሊን፣ 5 ሰዓት ፒያኖ ተለማመዱ። መምህሩም ተከትለዋቸው አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መሩ። ቀጥሎ ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል ተገኘ፤ ፈቃድ ግን ተከለከለ። እሳቸውም ግሸን ማርያም ገቡ። የከንቲባ ልጅም፣ በቀን 9 ሰዓት ለፍታም፣ «አይሆንም» ተባለች። ዓለም በኋላ በፒያኖ አወቃቸው፤ ቫዮሊናቸው እንደዋዛ ቀረ።

በሩ ሰፋ ያለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ዳይሬክተር በአሸናፊ ከበደ ተጀምሮ፣ በቡልጋሪያ እርዳታ ሕንፃና መምህራን ያገኘው ይህ ተቋም ቫዮሊንና ማሲንቆን በአንድ ጣሪያ ሥር አስተማረ። ማሲንቆ የዘር ውርስ ሳይሆን ፈተና የሚሰጥበት ትምህርት ሆነ። ቀላል ለውጥ አይደለም። ግን ከፍኖተ ሰላም ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ገጠሩ ድረስ የመጣው የደርግ ዘመን ኪነት ነው። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ስሙን የወሰደው ከሰከላው ምንጭ ነው። ኪነት መፈክሩ እንደሚበዛ የሚክድ የለም፤ ያም ሆኖ የገበሬ ልጅ ማሲንቆ ይዞ መድረክ ሲወጣ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ አፍ ላይ ቀረ፤ መንግሥት ራሱ አሰልፎታልና።

ዛሬ ክልከላው ሌላ መልክ ይዟል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን የሰላም መንገድ የሚል ስም በያዘችው ፍኖተ ሰላም በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ትምህርት ቤትም ሲቋረጥ ከርሟል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በመጥፋቱ በዩቲዩብ ቫዮሊን ልጀምር ያለ ወጣት እንኳ መምህር አጥቷል።

የቫዮሊን ትምህርት በኖታ ተጽፎ ስለተቀመጠ ሰላም እስኪወርድ መደርደሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል። የማሲንቆው ትምህርት ግን ያለው መንገዱና ሰርጉ ላይ ነው። በጥር ከአባቱ ጋር ወጥቶ ማጀብ መጀመር የነበረበት የ10 ዓመት ልጅ፣ ሦስት ጥር ቤት ቢቀመጥ 13 ይሞላዋል።