ጓንትና ዱላ

እንግሊዝኛን በመዝገበ ቃላት የምንገፋ ሁሉ፣ ጎንትሌት የሚባለው ቃል አንድ ቀን ያደናግረናል። አንዱ ፍቺ የብረት ጓንት ነው፤ ሌላው የግርፋት ቅጣት። ምን አገናኛቸው? ጓንት አጥልቆ የሚገርፍ ሰው በሐሳባችን እንሥል ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ቃሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። "ገና" ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ሌላ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

የጓንቱ ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። (የኛው "ጓንት"ም የዚሁ ዘመድ ነው።) ባላባቱ መሬት ላይ ይጥለዋል፤ ያነሣው ሰው ፍልሚያውን ተቀበለ ማለት ነው። ስለ እሱ ይኸው ይበቃል፤ ባላባት ታሪኩን የሚጽፍለት አጥቶ አያውቅም።

የግርፋቱ ቃል ግን የወታደር ሰፈር ልጅ ነው። በስዊድንኛ ጋታ መንገድ፣ ሎፕ ሩጫ ነውና፣ ጋትሎፕ "የመንገድ ሩጫ" መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1648 አውሮጳን ባመሰው የሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በ1630 ጀርመን ሲገባ በስዊድን ሠራዊት ውስጥ ብዙ ስኮትላንዳውያን ያገለግሉ ነበር፤ እንግሊዞችም አልጠፉም። አጥፍቷል የተባለው ወታደር ከወገቡ በላይ ይራቆታል። ጓዶቹ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። በመካከላቸው ሲያልፍ እያንዳንዱ ዱላውን ያሳርፍበታል። ልብ በሉ፤ የሚመታው አለቃው አይደለም፤ ትናንት አብሮት ዳቦ የቆረሰው ነው! ቃሉ እንግሊዝኛ ሲገባ ጋንትሎፕ ተባለ፤ ኋላም ጆሮ የለመደው የጓንቱ ስም ዋጠው። የተገረፈው ጀርባ በባላባቱ ጓንት ተሸፈነ ማለት ነው። ቅጣቱ ራሱ በሩሲያ ጦር እስከ 1863 ዘልቋል።

ፎርሎርን ሆፕም እንዲሁ ነው። ዛሬ የሚያነበው ሁሉ "የመነመነ ተስፋ" ይለዋል፤ ሆፕ በእንግሊዝኛ ተስፋ ነዋ! መነሻው ግን የሆላንድ ቋንቋ ነው፤ እዚያ ሆፕ ማለት ክምር፣ ጭፍራ ነው፤ እንግዲህ ሙሉው "የጠፋ ጭፍራ" መሆኑ ነው። የምሽጉ ግንብ በመድፍ ሲናድ በፍራሹ ላይ ቀድሞ የሚወጣው፣ ጥይቱን ቀድሞ የሚቀበለው ቡድን ይህ ነበር። በ1812 እንግሊዞች በስፔን የባዳሆዝን ከተማ ከፈረንሳዮች ሲያስለቅቁ የላኩት እንዲህ ያለውን ጭፍራ ነው። የተረፈ ሹመት ሊያገኝ ይችላልና፣ ወድዶ የሚሰለፍ አይታጣም ነበር።