የባላገር ዘፈንና የከተማ ስያሜ

አሜሪካኖች «ካንትሪ» የሚሉት ሙዚቃ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1927 ነው፤ ራልፍ ፒር የተባለ ሰው ብሪስቶል በምትባል ከተማ የተራራማውን አገር ዘፋኞች ሰብስቦ በሸክላ ያስቀረጸበት ዓመት። በመጀመሪያ የተጠራውም ከተሜው ባላገሩን በሚሰድብበት ስም ነበር። እኛ ደግሞ የራሳችንን «ባህላዊ» አልነው። ስድብ አይደለም፤ እኔ ግን ቃሉን እጠረጥረዋለሁ። ባህላዊ የተባለ ነገር ሙዚየም የሚገባ እንጂ መንግሥት የሚነቅፍ አይመስልም።

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ዘፈን ባለቤት አለው። ዋሽንቱ የእረኛው ነው፤ ሙሾው የአልቃሿ፤ ቀረርቶና ሽለላው የጦረኛው። አዝማሪው ግን መሰንቆውን አንግቶ የሁሉንም ያዜማል። የፖለቲካው ብልሃት ያለው «ተቀበል!» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። አድማጩ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ሹሙ ቢቆጣ ማንን ይያዝ? አዝማሪው «ሰው የሰጠኝን ነው» ይላል፤ ሰጪው ደግሞ ወርቁን ሰም አልብሶታል። እነዋሸራና እነጎንጅ የቅኔ መፍለቂያ በሆኑበት አገር ሰሙን ገልጦ ወርቁን የሚያይ ጆሮ አይታጣም።

ይህን ከእኛ ምሁራን አስቀድሞ የተረዳው ጠላት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ብቻ ሳይሆን ወሬ በዜማ የሚያዞሩትንም እያሳደደ እንዲረሸኑ አዘዘ። መሰንቆ ለያዘ ሰው ጥይት! ሆኖም በዚያው ዓመት ክረምት ጎጃም አመፀ፤ ጣሊያን ምሽግ የሠራባትን ቡሬንም በየካቲት 1933 ዓ.ም. ለቆ ወጣ።

አመፁ በነጻነት አላበቃም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው» ብሎ ተነሣ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትም አውሮፕላን ላከበት። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ፤ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። ስለዚህ አመፅ የተጻፉ መጻሕፍት የአስተዳደር ደብዳቤና ሪፖርት ይጠቅሳሉ፤ ገበሬው በጊዜው ያለውን ከራሱ አፍ የሚያሰሙን ጥቂት ናቸው። ማንበብና መጻፍ ያልቻለው ብዙኃን ግን ክሱንም ፍርዱንም ያኖረው በቀረርቶ ነበር።

በከተማ የሆነው ሌላ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ለመቀስቀስ አዝማሪውን መድረክ ላይ አወጣው፤ ከነጻነት በኋላ መድረኩ ቀረ፣ የንጉሡ ውዳሴም በረከተ። ደርግ በተራው በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን አቋቁሞ ያንኑ ሽለላ ለአብዮቱ አስፎከረ። ዜማው ያው፣ ጌታው ሌላ። በመድረክ ላይ «ተቀበል» የሚል አድማጭ የለም፤ ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ታይቶና ታርሞ ይመጣል። የጎጃም እስክስታ በቴሌቪዥን ሲደምቅ ስንኙ እየሳሳ የመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የተነሣ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም አብሮ ተዘጋ። ፉከራ ግን ኔትወርክ አይሻም። የዚህ ዘመን ስንኝም እንደ 1960ው ሁሉ መዝጋቢ ይፈልጋል፤ መሰንቆ የሚመታውንና ስንኝ የሚሰጠውን አዛውንት ዛሬውኑ ቀርቦ የሚቀርጽ ሰው።