ተጎታች ቤትን በውሃ ልክ ማስተካከልና ተንሸራታች ክፍሎቹን መዘርጋት

ተጎታች ቤት በመኪና እየተሳበ የሚጓዝ፣ መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው ቤት ነው። በተለይ በአሜሪካና በካናዳ ለዕረፍት ጉዞ በሰፊው ያገለግላል። የማረፊያ ሥፍራዎች መሬት ብዙ ጊዜ ወጣ ገባ ስለሆነ፣ ቤቱ እንደቆመ በውሃ ልክ ተለክቶ መስተካከል አለበት።

የማስተካከል ምክንያት

ዋናው ምክንያት የእንቅልፍ ምቾት ይመስላል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን የማቀዝቀዣው ጉዳይ ነው። በብዙ ተጎታች ቤቶች ያለው ማቀዝቀዣ በጋዝ እሳት ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት ይሠራል። ይህን ዓይነት ማቀዝቀዣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ስዊድናውያን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 ፈለሰፉት። ፓምፕ የለውም፤ በውስጡ ያለው የአሞኒያና የውሃ ድብልቅ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ቁልቁል እየፈሰሰ ነው። ቤቱ ካዘመመ ፈሳሹ መንገድ ላይ ይጠራቀማል፣ ማፍያው ከመጠን በላይ ይግላል፣ ዝገት የሚከላከለው ጨውም ረግቶ ቱቦውን ሊደፍን ይችላል። ያኔ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው የማቀዝቀዣ ክፍል ይቀየራል። በኮምፕሬሰር የሚሠሩት ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም።

አስተካከል

ተጎታቹ ከመኪናው ሳይፈታ መጀመሪያ ግራና ቀኙ ይስተካከላል። ዝቅ ባለው ጎን ያሉት ጎማዎች ሁሉ በጣውላ ወይም በፕላስቲክ መወጣጫ ላይ ይወጣሉ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 2 ሜትር ቢኖርና ቤቱ 2 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ዝቅ ያለው ጎን 7 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ቀጥሎ ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በታኮ ይታገዳሉ። ታኮ ሳይደረግ መኪናውን መፍታት እጅግ አደገኛ ነው፤ ቤቱ ተንከባሎ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ከተፈታ በኋላ ፊቱና ኋላው በፊተኛው ክሪክ ይስተካከላል። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች የሚወርዱት በመጨረሻ ነው፤ ሥራቸው መወዛወዝን መቀነስ እንጂ ቤቱን ማንሳት አይደለም። በክሪክ ብቻ በተደገፈ ቤት ሥር መግባት አይገባም።

ተንሸራታች ክፍል

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት የተጎታች ቤት ወርድ ከ2.6 ሜትር እንዳይበልጥ ሕግ ይከለክላል። ተንሸራታች ክፍል የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ በጉዞ ላይ ተሰብስቦ ይቆያል፣ ሲቆም እንደ መሳቢያ ከግድግዳው ይወጣል። የሚገፋው በኤሌክትሪክ ሞተር ወይም በሃይድሮሊክ ነው። ሻሲው ጠማማ ሆኖ ከተዘረጋ ክፍሉ ይነክሳል፣ በዙሪያው ያለው ጎማም በደንብ ስለማይገጥም ዝናብ ያስገባል። ስለዚህ በተጎታች ቤት ማስተካከል ይቀድማል። አንዳንድ የራሳቸው ሞተር ያላቸው የመኪና ቤቶች ግን ተቃራኒውን ያዝዛሉና የአምራቹ መመሪያ ይበልጣል።

ቁልፉ ከመጫኑ በፊት በውጭ ዛፍ፣ ምሰሶና የጎረቤት መኪና፣ በውስጥ ደግሞ የተከፈተ ቁም ሣጥንና ሕፃናት መኖራቸው ይታያል። ባትሪው ከደከመ ሞተሩ መሐል ላይ ሊቆም ስለሚችል ቤቱን አስቀድሞ ከመብራት ጋር ማገናኘት ይመረጣል። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ወዲያው ማቆም እንጂ መግፋት አይበጅም።

ሲነሡ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ጣሪያው ላይ የወደቀ ቅጠልና የተጠራቀመ ውሃ ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ ከክፍሉ ጋር ወደ ቤት ይገባል።