የኮንጎ ጣዎስ፦ ከባርኔጣ ላባ እስከ መካነ አራዊት

የኮንጎ ጣዎስ (ፒኮክ) በዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኮንጎ ቆላማ ጥቅጥቅ ደን ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው። ሌሎቹ ሁለት የጣዎስ ዝርያዎች የእስያ ናቸው። ወንዴው አረንጓዴና ሐምራዊ የሚያብረቀርቅበት ጥቁር ሰማያዊ ላባ፣ ቀይ ጉሮሮና አናቱ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ ጉትዬ አለው። ሴቴዋ ቡናማ ስትሆን ጀርባዋ አረንጓዴ ነው። እንደ ሕንዱ ጣዎስ የሚዘረጋ ረጅም የላባ ጭራ ግን የላቸውም።

የደኑ ነዋሪዎች ወፉን ቢያውቁትም ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ለኒውዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራው ጄምስ ቻፒን በኢቱሪ ደን፣ አቫኩቢ በተባለ ስፍራ፣ አንድ ሰው ባርኔጣው ላይ የሰካውን ላባ አገኘ። የየትኛው ወፍ እንደሆነ መለየት ስላልቻለ ላባውን ይዞ ተመለሰ።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ ቻፒን በብራስልስ አቅራቢያ ባለው የቴርቩረን ሙዚየም ሲሠራ፣ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠው የተረሱ ሁለት የደረቁ ወፎች አየ። የመለያ ወረቀታቸው ከውጭ የገቡ ወጣት የሕንድ ጣዎሶች ናቸው ይላል። የሴቴዋ ላባ ግን ከአቫኩቢው ላባ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ቻፒን በዚያው ዓመት ወፉን አፍሮፓቮ ኮንጀንሲስ ብሎ ሰየመው፤ በ1937 ደግሞ ወደ ኮንጎ ተመልሶ ተጨማሪ ናሙናዎች ሰበሰበ።

በ1949 የዱር እንስሳት ሰብሳቢው ቻርልስ ኮርዲየር በሕይወት ያሉ ወፎችን ለኒውዮርኩ ብሮንክስ መካነ አራዊት አመጣ። ከዚያም የቤልጅየሙ አንትወርፕ መካነ አራዊት በ1960ዎቹ ወፉን በማርባት ስሙን አስጠራ። ወፉ ከሰው ዓይን የሚሸሽ በመሆኑ ስለ አኗኗሩ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በሽቦ ከታጠሩ የወፍ ቤቶች ነው። አንድ ወንዴ ከአንዲት ሴቴ ጋር ይጣመራል፤ እሷ ከ2 እስከ 4 የሚደርሱ እንቁላሎችን ለ26 ቀናት ገደማ ስትታቀፍ እሱ ይጠብቃታል።

በየመካነ አራዊቱ ያሉት ወፎች ከጥቂት ወላጆች የተገኙ ስለሆኑ የቅርብ ዘመዳሞች እርስ በርሳቸው እንዳይራቡ ያሰጋል። ስለዚህ አንትወርፕ የእያንዳንዱን ወፍ የዘር ሐረግ በዓለም አቀፍ መዝገብ ይይዛል፤ ወፎች ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚዛወሩት ይህ መዝገብ እየታየ ነው። በትውልድ ደኑ ግን ወፉን አደን፣ የማዕድን ቁፋሮና የደን ጭፍጨፋ ያጠቁታል።