የኤምአርአይ ኮንትራስት መርፌ፦ ወደ አዲስ አበባ ከመሄድዎ በፊት ማወቅ የሚገባዎ

ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ በሪፈር ወደ አዲስ አበባ ለኤምአርአይ ከተላኩ፣ ወረቀትዎ ላይ «ከኮንትራስት ጋር» የሚል ተጽፎ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ ማለት በምርመራው መሃል ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥዎታል ማለት ነው። መርፌው በሽታውን አያክምም፤ ምስሉ በሽታውን አጉልቶ እንዲያሳይ ይረዳል። ለአብዛኛው ሰው ደህና ነው። ኩላሊታቸው ለተዳከመ ሰዎች ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው «መጀመሪያ የኩላሊት ምርመራ አሠሩ» እንዳይባሉ ዝግጅቱን ከቤት ይጀምሩ።

እንዴት ይሠራል?

ኤምአርአይ እንደ ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። መሣሪያው በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጂን ደካማ ሲግናል ይቀበላል፤ ምስሉም ከዚያ ይሠራል። ጋዶሊኒየም ቀለም አይደለም። አጠገቡ ያለው ሃይድሮጂን የሚሰጠውን ሲግናል ስለሚያጎላ መድኃኒቱ የተጠራቀመበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። የጤናማ አንጎል የደም ሥሮች መድኃኒቱን አያሳልፉም፤ ዕጢ፣ መግል ወይም የአንጎል ቲቢ ባለበት ግን ሾልኮ ይወጣል።

ሁሉም ሰው ግን አያስፈልገውም። ለምሳሌ ለተለመደ የዲስክ መንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኮንትራስት የሚነሳው ምስል ይበቃል።

መጠኑ በክብደት ይሰላል። በብዙዎቹ ምርቶች 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል።

ለምን ስለ ኩላሊት ይጠየቃሉ?

መድኃኒቱ የሚወገደው በሽንት ነው። ኩላሊት ጤናማ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ይወጣል። ኩላሊት በጣም ከደከመ ግን በሰውነት ውስጥ ይቆያል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች እንዲህ ባሉ ታካሚዎች ላይ ቆዳንና መገጣጠሚያን የሚያደነድን ከባድ በሽታ ከአንዳንድ የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ጋር እንደሚያያዝ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የኩላሊት ምርመራና የተሻሉ ምርቶች ስለተለመዱ በሽታው እጅግ ብርቅ ሆኗል።

ጥቂት ጋዶሊኒየም በአንጎልና በአጥንት ሊቀር እንደሚችልም ታውቋል። ኩላሊታቸው ጤናማ በሆኑ ሰዎች ላይ በዚህ ምክንያት የተረጋገጠ ጉዳት አልታየም፤ ሆኖም ያለ በቂ ምክንያት መደጋገም አይመከርም።

ከመነሳትዎ በፊት

• የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለብዎ ክሬአቲኒን የተባለውን የደም ምርመራ አሠርተው ውጤቱን ይያዙ።
• ዲያሊሲስ የሚያደርጉ ከሆነ ቀጠሮው ከዲያሊሲስ ቀንዎ ጋር እንዲገጣጠም ይጠይቁ።
• እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ይናገሩ፤ በጣም ካላስፈለገ መርፌው አይሰጥም።
• የሚያጠቡ እናቶች ማጥባት ማቆም አያስፈልጋቸውም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው።
• የስኳር መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።
• የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ በሰውነትዎ የቀረ ጥይት ወይም ዓይንዎ ውስጥ የገባ የብረት ስባሪ ካለ አስቀድመው ይንገሩ።
• የቀድሞ ፊልምና ውጤት ይዘው ይሂዱ።

ከመርፌው በኋላ

የመቀዝቀዝ ስሜት፣ ቀላል ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ ቶሎ ያልፋል። ከባድ አለርጂ ብርቅ ነው፤ ሲከሰትም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ወዲያው ወደ መናኸሪያ አይሩጡ፤ እስኪያሰናብቱዎ እዚያው ይቆዩ። የሰውነት ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ባለሙያውን ወዲያው ይጥሩ። ከዚህ ቀደም በኮንትራስት መርፌ አለርጂ ከነበረብዎ ደግሞ ከመርፌው በፊት ይናገሩ። የሲቲ ስካን ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ሌላ መድኃኒት ስለሆነ የትኛው እንደነበር ለይተው ቢያስረዱ ይረዳል።

ስጋት ካለዎት ምርመራውን ከመተው ይልቅ ያዘዘልዎትን ሐኪም «ያለ ኮንትራስት ይበቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።