የሳባ ሸለቆ መንገድ መሪዎች

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ ወሬ አገር ለአገር መሻገሩ በዘመኑ እንደ ተአምር ቢታይ አያስገርምም። ይሁንና ከዚያ መሣሪያ እጅግ ቀደም ብሎ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በረሃ ወሬ ያለ ሽቦ የሚጓዝበት ሥርዓት ነበረ፤ ዛሬም አለ። ይኸውም የአፋር ሕዝብ ዳጉ ነው። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፦ የትኛው ጉድጓድ ውኃ እንዳለው፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ማን ወዴት እንዳለፈ። የበረሃ መንገድ መሪ እውቀት ከሚቀዳባቸው ምንጮች ዋነኛው ይህ ነው።

የዚህ እውቀት ዋጋ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የሳባ ሸለቆ ነው። ሸለቆው ከበራህሌ ወደ ሐመድ ኤላ፣ ከዚያም ወደ አሳሌ የጨው ሜዳ የሚያወርድ ጥንታዊ የግመል መንገድ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ሜዳ የሚወርደው ነጋዴ በቋጥኝ ግድግዳዎች መካከል፣ በወንዙ አሸዋ ላይ ይጓዛል። መንገዱ ራሱ የወንዝ ወለል ነው። ስለዚህ ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ዳጉ የሰማ መሪ ግመሎቹን ይዞ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይጠብቃል፤ ያልሰማ ግን ጭነቱንም ነፍሱንም ለአደጋ ይሰጣል።

በዚህ መንገድ የተጓዘው ሀብት ትንሽ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የግሪክ ጸሐፊ ኮስማስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ለማግኘት ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ወደ ሩቅ አገር ይሄዱ እንደ ነበር መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ፣ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። የአገሪቱ ገበያ በዚህ ገንዘብ ሲቆም፣ ከጀርባው በጋለ ሜዳ ላይ የጨው ንጣፍ በረጅም እንጨት የሚፈነቅለው፣ ፈንቅሎም በመጥረቢያ የሚጠርበው፣ ግመል የሚነዳውና መንገድ የሚመራው ሠርቶ አደር ነበር። ይህ የአፋርና የትግራይ ሕዝብ የጋራ ሥራ ነው። በመጻሕፍት ግን ስሙ ብዙ አልተነሣም።

የውጭ ተጓዦች ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ነዝቢት የተባለው መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ይህን በረሃ አቋረጠ። ለአሜሪካ አንባቢዎች የታተመው መጽሐፉ በአርእስቱ አገሩን የፍጥረት የገሃነም ጉድጓድ ብሎ ሰየመው። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ተነሥቶ፣ የአውሳን ሱልጣን ፈቃድ ካገኘ በኋላ ወንዙ የሚያልቅበትን አቤ ሐይቅ አየ፤ በ1934 ታጁራ ደረሰ። የሁለቱም ድፍረት አይካድም። ነገር ግን ለአንዱ ገሃነም የሆነው አገር ለሌላው ግጦሽ፣ ገበያና የአያቶች መቃብር ነው። «ተገኘ» የተባለውን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ከፊት ይሄዱ ነበር።

ዛሬ ሸለቆውን ለማየት የሚሻ መንገደኛ የቀናት የእግር ጉዞ አያስፈልገውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አስፋልት ገብቷል፤ የጭነት መኪናም የግመሉን ሥራ ተሻምቷል። መኪናና አስጎብኚ ለብቻው የተከራየ ጎብኚ ነጋዴው በቀናት የሚጓዘውን በአንድ ቀን ደርሶ ሊመለስ ይችላል። ይሁንና ፍጥነቱ የመሪውን አስፈላጊነት አልሻረውም። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በኤርታ አሌ አምስት የውጭ ጎብኚዎች መገደላቸው፣ ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነትም የጉብኝቱን መንገድ መዝጋቱ፣ በዚህ ምድር ሰላምም እንደ ውኃ ተጠይቆ የሚታወቅ ነገር መሆኑን አሳይቷል። ካርታ ጉድጓዱ የት እንዳለ ይናገራል፤ ዛሬ ውኃ እንዳለው ግን የሚናገረው ሰው ነው።

አሳሳቢው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቀን የሚመለስ ጎብኚ ቋጥኙን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ መሪውን የቀን ዋጋ ከፍሎ ይሰናበታል። የግመል ቅፍለቱ እየሳሳ በሄደ ቁጥር፣ መንገዱን በእግሩ የተማረው ትውልድም አብሮ ይሳሳል። አስፋልት የጨውን ጉዞ ማቅለሉ መልካም ነው፤ የግመል ነጂው ልጅ እንደ አባቱ በሐሩር ይንገላታ የሚል ፍርድ ሊሰጥ አይገባም። ነገር ግን ድካሙ ሲቀር እውቀቱም አብሮ እንዲቀር የሚያስገድድ ሕግ የለም። መምህሩ በክፍሉ፣ ሠዓሊው በሸራው፣ ጸሐፌ ተውኔቱ በመድረኩ፣ አሞሌን ብቻ ሳይሆን ተሸካሚውን፣ ሸለቆውን ብቻ ሳይሆን መሪውን ቢያነሡ የታሪክን ዕዳ በከፊል ይከፍላሉ። ዳጉ የቆየው አንዱ ለሌላው የሰማውን ሳያጎድል በማድረሱ ነው፤ የመንገድ መሪዎቹም ታሪክ በዚሁ ሥርዓት ከነስማቸው ሊደርስ ይገባል።